ከመጽሔቱ በላይ መለያው

ፌብሯሪ 2010 ላይ (ዘመኑ እስከ መጨረሻው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ የ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ቅጂ በ1 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት፣ በ1938 ለልጆች በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረ መጽሔት ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላ ቅጂ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። የሁለቱም ታሪክ ያው ነው፤ ሥዕሉ ያው ነው፤ ወረቀቱም ያው ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። የሚለያቸው፣ የታሸጉበት የፕላስቲክ ሳጥን አናት ላይ የሰፈረው ቁጥር ነበር። አንደኛው 8.0 ይላል፣ ሌላው 8.5። ለግማሽ ነጥብ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ ማለት ነው።

ያንን ግማሽ ነጥብ የሰጠው ማን ነው? ተሳስቶስ ቢሆን? እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ጥያቄውን የማየው እንደ ዳታ ጥያቄ ነው። አንድ ዕቃ አለ። ስለ ዕቃው የሚናገር መዝገብ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስር ነገር ደግሞ አለ። ብዙ ሰው የሚጨቃጨቀው መዝገቡ ላይ ነው፤ «8.5 አይገባውም ነበር» እያለ። ታሪኩን ገልጠን ስናየው ግን ትልልቆቹ ጉዳቶች የመጡት ከሦስተኛው፣ ከማሰሪያው ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሳንቲም ነው። «ሚንት» በእንግሊዝኛ የሳንቲም መቅረጫ ቤት ማለት ነው። ከዚያ ወጥቶ ሰው እጅ ያልዞረ ሳንቲም «ሚንት» ተባለ፤ ቃሉም ቀስ በቀስ ወደ ቴምብርና ወደ ኮሚክ ተዛመተ። በ1949 ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ስለ ጥንት የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲም መዳቦች በጻፈው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚሄድ መለኪያ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ 70 ያገኘ ሳንቲም፣ 1 ካገኘው የዚያው ዓይነት ሳንቲም 70 እጥፍ ያወጣል። ገበያው ብዙም ሳይቆይ ከቀመሩ አፈነገጠ፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ አለ። ልብ በሉ፣ ደረጃው ገና ሲወለድ የዋጋ ቁጥር ሆኖ ነው የተወለደው።

ሼልደን ከሞተ ከዓመታት በኋላ ጉድ ተሰማ። በኒውዮርክ ከነበረው የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ክምችት ውስጥ ጥሩ ጥሩዎቹን እያወጣ፣ በቦታቸው ዝቅ ያሉትን ሲተካ ኖሯል። መለኪያውን የሠራው ሰው መዝገቡን አልነካም፤ ሳንቲሙን ብቻ ቀየረው። ይህን ታሪክ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ኮሚክ በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጣጣ አልነበረበትም። በ1970 ሮበርት ኦቨርስትሪት የዋጋ መመሪያ መጽሐፉን ማሳተም ሲጀምር ሰብሳቢዎች የጋራ ቋንቋ አገኙ። ቋንቋው ግን ቃል ነበር፤ «ጉድ»፣ «ፋይን»፣ «ሚንት» የሚል። ቃሉን የሚለጥፈው ደግሞ ራሱ ሻጩ ነው። ሻጭ የራሱን ዕቃ ሲመዝን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለማንም አይጠፋም። ከዚያ የባሰው ጥገናው ነው። የለቀቀ ቀለም በብሩሽ መንካት፣ የተቀደደ ጠርዝ መለጠፍ፣ የጎደለ ጥግ በሌላ ወረቀት መሙላት፣ የሻከረ ጠርዝ በምላጭ መከርከም የተለመደ ሆነ። አንዳንዱ ሲሸጥ ይነገራል፣ አንዳንዱ አይነገርም። ሁለተኛው ገዢ ለሦስተኛው ሲሸጥ ግን መጀመሪያ የተነገረውም ቢሆን ይረሳል።

የሳንቲሙ ዓለም መፍትሔ ያለውን በ1980ዎቹ አጋማሽ አግኝቶ ነበር። ገለልተኛ ድርጅት ሳንቲሙን ይመረምራል፣ ደረጃ ይሰጣል፣ ከመለያው ጋር በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽገዋል። በ2000 ሲጂሲ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ይህንኑ ለኮሚክ አመጣው። መለኪያው ከ0.5 እስከ 10.0 ነው። መጽሔቱን ከአንድ በላይ መርማሪ ያየዋል፣ ጥገና ይፈተሻል፣ ከዚያ ይታሸጋል። መለያው ቀለም አለው። ሰማያዊው ንጹሕ ነው ማለት ነው። ሐምራዊው ጥገና ተገኝቶበታል ማለት ነው። አረንጓዴው አንድ የተለየ ጉድለት አለበት፣ ያንን ጉድለት ስታነቡ ደረጃውን አብራችሁ አንብቡ ይላል። ቢጫው በምስክር ፊት የተፈረመ ነው።

ሐምራዊው ቀለም በሰብሳቢዎች ዘንድ የሞት መለያ የሚል ስም ወጣለት። ምክንያቱም ለዓመታት «በጣም ጥሩ» ተብለው የተገዙ መጽሔቶች ሲመረመሩ ቀለም የተነኩ፣ የተከረከሙ ሆነው ተገኙ፤ ዋጋቸውም ወረደ። መጽሔቱ ትናንት የነበረው ነው፣ አንዲት ነጥብ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። የተለወጠው ስለ እሱ የተጻፈው ነው። ቢሆንም ያ ለውጥ ለእውነት የቀረበ ለውጥ ነበር፤ ሲጂሲ የተከበረውም በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልዩ እትሞች ይመጣሉ። መለያው ላይ የሚጻፈው ደረጃ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውም ነው። የቱ እትም፣ ስንተኛ ኅትመት፣ የትኛው ሽፋን የሚለው ሁሉ ይሰፍራል።

በ1977 ማርቬል ዋጋውን ከ30 ወደ 35 ሳንቲም ሊያሳድግ ፈልጎ፣ መጀመሪያ በጥቂት ከተሞች ብቻ ሞከረው። «ስታር ዋርስ» ቁጥር 1 በዚህ ሙከራ ውስጥ ገባ። አብዛኛው ቅጂ 30 ሳንቲም ይላል፤ ጥቂቱ 35 ይላል። ያ ጥቂቱ ዛሬ ከወንድሞቹ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ችግሩ፣ መጽሔቱ በጣም ስለተሸጠ ወዲያው ደጋግሞ ታተመ፤ ድጋሚ ኅትመቶቹም 35 ሳንቲም ይላሉ። ስለዚህ ዋጋውን ብቻ አይቶ የሚወስን ሰው ተራውን ድጋሚ ኅትመት ብርቅ ነው ብሎ ሊገዛ ይችላል። የዋጋውን ሳጥን ቅርጽ፣ ባርኮዱን፣ «ድጋሚ ኅትመት» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። አምስት ሳንቲም የማትሞላ የቀለም ልዩነት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ትወስናለች።

ያኛው ልዩነት ሳይታሰብ የተፈጠረ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ሆን ተብለው ተሠሩ። በ1986 «ማን ኦፍ ስቲል» ቁጥር 1 በሁለት ሽፋን ወጣ። በ1990 የቶድ ማክፋርሌን «ስፓይደርማን» ቁጥር 1 መደበኛ፣ ብርማ፣ ወርቃማ፣ ፕላቲነም እያለ መጣ። ወርቃማው ሁለተኛ ኅትመት ነው፤ ከወርቃማው ውስጥ ደግሞ ባርኮድ ያለው ብርቅ ነው። በ1991 «ኤክስ-ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ሽፋን ወጥቶ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። በ1992 መጨረሻ የሱፐርማንን ሞት የሚተርከው ቁጥር 75 በጥቁር ላስቲክ ታሽጎ፣ የሐዘን ጥቁር የክንድ ጨርቅ ሁሉ ተደርጎበት ቀረበ። ሰው ሁለት ሁለት ገዛ፤ አንዱን ሊያነብ፣ አንዱን ሳይከፍት ለልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሊያስቀምጥ። ግን ሚሊዮኖች ያስቀመጡት ነገር እንዴት ብርቅ ይሆናል? ገበያው ወደቀ፣ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፣ ማርቬል ራሱ በ1996 መጨረሻ ኪሳራ አወጀ።

ከውድቀቱ በኋላ የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ብርቅ ያልሆነን ነገር እንዴት ብርቅ ማድረግ ይቻላል? መለያው መልስ ሰጠ። መጽሔቱ ብርቅ ካልሆነ ደረጃው ብርቅ ይሁን። አንድ ልዩ እትም በ9.8 እና በ9.6 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከመጽሔቱ ከራሱ ዋጋ ይበልጣል። ድርጅቱም ለእያንዳንዱ እትም በየደረጃው ስንት ቅጂ እንደመዘነ የሚያሳይ ቆጠራ ያወጣል፤ ሰብሳቢው ያንን አይቶ ይገዛል። ቆጠራው ግን መጽሔቶችን አይቆጥርም፤ የተሰጡ መለያዎችን ነው የሚቆጥረው። አንድ ሰው ሳጥኑን ሰብሮ መጽሔቱን ከፍ ያለ ደረጃ አገኛለሁ ብሎ መልሶ ቢልከው፣ አሮጌውን መለያ ካልመለሰ በቀር አንዱ መጽሔት ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

ሁለት ዓይነት ትክክለኛነት አለ፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚመጣው እነዚህን ከማደባለቅ ነው። 9.6 ወይስ 9.8 የሚለው የዳኝነት ጉዳይ ነው። ሁለት ሐቀኛ ሰዎች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ያው ሰውም ጠዋትና ማታ ሊለያይ ይችላል። ወርቃማው ባርኮድ አለው ወይስ የለውም የሚለው ግን ዳኝነት አይደለም፤ አይቶ መጻፍ ነው። እትሙ ተሳስቶ ከተጻፈ ድርጅቱ መካኒካል ስህተት ይለዋል፤ ባለቤቱ መልሶ ሲልክ ይታረማል። እዚህ ላይ አንድ ያልተመቸ ነገር አለ። ስህተቱ ባለቤቱን የሚጎዳ ሲሆን ባለቤቱ መልሶ ይልከዋል። የሚጠቅመው ሲሆንስ? ተራውን ብርቅ ብሎ የጻፈ መለያ በእጁ ያለ ሰው ለምን ይመልሳል? እርማቱ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ ስለተመሠረተ፣ የሚቀሩት ስህተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላሉ።

የስፖርት ካርድ ገበያው ከዚህ የከበደ ትምህርት አግኝቷል። በዓለም እጅግ የታወቀው የሆነስ ዋግነር ካርድ በ1991 ፒኤስኤ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያ ሥራ ሆኖ 8 ደረጃ ተሰጠው። ካርዱን ቀድሞ የሸጠው ነጋዴ ቢል ማስትሮ ግን በ2013 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጠርዙን ከርክሞት እንደነበር አመነ። ከ20 ዓመት በላይ መለያው አንድ ነገር ሲናገር፣ ካርዱ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። የታሸገ ስለሆነ ግን የካርዱን ድምፅ የሚሰማ አልነበረም።

ኮሚክም ተራው ደረሰው። በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ የወጣው ታሪክ ከሼልደን ጋር ይመሳሰላል። ሲጂሲ፣ ሳጥኑ ለተጫረ ወይም ለተሰነጠቀ መጽሔት ያንኑ ደረጃ ይዞ አዲስ ሳጥን የመስጠት አገልግሎት ነበረው። መጽሔቱ ዳግም አይመዘንም፤ አንዴ ተመዝኗላ! በዚህ ቀዳዳ ሰው ገባ። ከፍ ያለ ደረጃ ያለውን ሳጥን በዘዴ ከፍቶ፣ ውስጡ ዝቅ ያለ ቅጂ ተክቶ፣ «ሳጥን ቀይሩልኝ» ብሎ ይልካል። ድርጅቱ በአዲስ ሳጥን፣ በአዲስ መለያ፣ በድሮው ከፍተኛ ደረጃ አሽጎ ይመልስለታል። የወጣው ጥሩ ቅጂ ደግሞ እንደገና ይመዘናል። ሲጂሲ የተጠረጠሩ መጽሔቶችን ዝርዝር አወጣ፣ ክስም መሠረተ።

ከሶፍትዌር አንፃር ካየነው ሲስተሙ በራሱ ሕግ መሠረት በትክክል ሠርቷል። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፣ በመዝገቡ አለ፣ ሳጥኑ የፋብሪካው ነው። ግን ያ ቁጥር የሚያመለክተው መለያውን እንጂ መጽሔቱን አልነበረም። ሁለቱን ያሰራቸው ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ይከፈታል።

ታዲያ በምን ተያዘ? ሰብሳቢዎች የድሮ የጨረታ ፎቶዎችን አውጥተው አሁን ካሉት ጋር አስተያዩ። በዚህ ሽፋን ላይ ያለችው ትንሽ እጥፋት በዚያኛው የለችም፤ የስቴፕሉ ቦታ አይመሳሰልም፤ አቆራረጡ ትንሽ ያጋደለ ነው። ደረጃ የምትቀንሰው እንከን የመጽሔቱ መታወቂያ ሆና ተገኘች።

ይህ ነገር ሌላም ጣጣ ያመጣል። 4.0 የሆነ አሮጌ መጽሔት በእንከን የተሞላ ስለሆነ ከሌላ ጋር ማምታታት ከባድ ነው። ትናንት ታትሞ 9.8 ያገኘ ልዩ እትም ግን ከሌላው 9.8 በዓይን አይለይም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ በሚከማችበት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የዕቃው የራሱ ምስክርነት እየሳሳ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የቀረን መለያው ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው በምርመራው ሰዓት መነሳት አለበት፤ የፊትና የኋላ ሽፋኑ፣ ጠርዙና ስቴፕሉ በጉልህ ተነሥቶ፣ ከቁጥሩ ጋር ለማንም ገዢ ክፍት ይሁን። ሳጥን በተቀየረ ቁጥር መጽሔቱ ከራሱ ፎቶ ጋር ይመሳከር። ወጪ አለው፤ ነገር ግን ሰው የሚከፍለው ለዚያ ማረጋገጫ ነው።

የታሸገ መጽሔት አይነበብም። ባለቤቱም ቢሆን ገጹን ሊገልጥ አይችልም፤ ቢገልጥ ደረጃው ይጠፋል። ገዢው በዓይኑ የማየት መብቱን ለመለያው አሳልፎ ሰጥቷል። በልዋጩ መለያው ያየውን ሁሉ፣ ማየት ለማይችለው ሰው መንገር ይኖርበታል።