ምርጫን ለነዋሪው ቅርብ ለማድረግ ከቀበሌ ምን ይጠበቃል?

ስለ ምርጫ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው ማን አሸነፈ፣ ማን ተሸነፈ በሚለው ላይ ነው፡፡ መምረጥ እየፈለጉ ሳይመርጡ ስለሚቀሩ ሰዎች ብዙም አንነጋገርም፡፡ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ በሰጠሁበት ጣቢያ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የድንጋዩን ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ከሥር ቁጭ ብለው አየኋቸው፡፡ ሁለት ወጣቶች ደግፈው አወጧቸው እንጂ ካርዳቸውን እንደያዙ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነበር፡፡ በዚያን ቀን የእኒያን እናት መብት ያስከበረው ሕጉ ሳይሆን የሁለት ጎረምሶች ደግነት ነው፡፡ መብት ደግሞ ደግ ሰው በመገኘቱና ባለመገኘቱ ላይ መንጠልጠል የለበትም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ያለ ምንም ልዩነት የመምረጥ መብት እንዳለው፣ ምርጫውም በሚስጥር ድምፅ እንደሚካሄድ ይደነግጋል፡፡ አንቀጽ 102 ደግሞ ምርጫ የማካሄድን ሥልጣን ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ ለሆነ የምርጫ ቦርድ ይሰጣል፡፡ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያፀደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 29 የምርጫ ሥርዓቱ፣ ቦታውና ቁሳቁሱ ለአካል ጉዳተኞች ምቹና ተደራሽ እንዲሆን፣ እርዳታ የሚሻ መራጭም ራሱ በመረጠው ሰው እንዲረዳ መንግሥትን ያስገድዳል፡፡

እነዚህን ድንጋጌዎች ጎን ለጎን ስናነባቸው አንድ ጥያቄ ይነሳል፡፡ ምርጫውን የሚያካሂደው ቦርዱ ከሆነ የቀበሌና የወረዳ አስተዳደር ሥራ ምንድን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፡፡ እስከ ምርጫ ጣቢያው በር ድረስ ያለውን መንገድ ማቅናት የአካባቢው አስተዳደር ሥራ ነው፡፡ ከበሩ ወዲያ ያለው ግን የቦርዱ ነው፡፡ ሁለቱ ከተቀላቀሉ እርዳታው ተጽዕኖ ይሆናል፡፡

መታወቂያ

መንገዱ የሚጀምረው ከምርጫው ቀን ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ጠይቋል፡፡ በከተማ ነዋሪነት የሚረጋገጠው በአብዛኛው በመታወቂያ ነው፡፡ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ መሸኛ አምጣ ይባላል፡፡ ከክፍለ ሀገር መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደር ተከራይ መሸኛ ለማምጣት የሚያወጣው የመጓጓዣ ገንዘብ የስንት ቀን እንጀራው ነው? አከራዩ በቤት ቁጥሩ እንዲመዘገብ ካልፈቀደለትስ? በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ፈቃድ የምታገኘው እሑድ፣ ቀበሌው ዝግ በሆነበት ቀን ከሆነስ?

እዚህ ላይ አስተዳደሩ ማድረግ የሚችለው ብዙ ነው፡፡ መሸኛውን ነዋሪው ተሸክሞ ከሚመጣ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ቢጻጻፉ፣ በሳምንት አንድ ቀን እስከ ማታ ወይም እሑድ ቢሠሩ፣ 18 ዓመት ለሞላቸው ወጣቶች በየትምህርት ቤቱ እየተገኙ ቢመዘግቡ የሚከብድ አይደለም፡፡ ከሁሉም በላይ ግን መታወቂያ የተከለከለ ሰው የተከለከለበትን ምክንያት በጽሑፍ ማግኘት አለበት፡፡ በቃል የተነገረ እምቢታ ይግባኝ አይባልበትም፡፡ ሥራው የምርጫ ሰሞን ብቻ የሚደረግ ከሆነም ለእገሌ ተሰጠ፣ ለእገሊት ተከለከለ የሚል ሐሜት ይከተላል፡፡

ቦታና መንገድ

ሕንድ ማንም መራጭ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንዳይመርጥ የሚል መመሪያ አላት፡፡ በእኛ ገጠር ርቀቱ ብቻ ሳይሆን ወንዙና ዳገቱም ይቆጠራል፡፡ የ2013ቱ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ በገባበት ወቅት ነው፡፡ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ የሚያውቀው አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሥልጣን ሳይሆን የቀበሌው ሰው ነው፡፡ ይህን እውቀት ጣቢያዎቹ ከመወሰናቸው በፊት ለቦርዱ በጽሑፍ ማቅረብ፣ የፈረሰውን የእግር ድልድይም በጊዜ መጠገን የእሱ ድርሻ ነው፡፡

በከተማም ለጣቢያነት የሚቀርቡት አዳራሾችና ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የመንግሥት ናቸው፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፡፡ እኒያ እናት የተቀመጡበት ደረጃ ግን አዋጁ ከወጣ ከ12 ዓመት በኋላም እንደነበረ ነበር፡፡ ጥቂት ሳንቃና አንድ አናጺ የሚጨርሱት ሥራ ነው፡፡ ያ ካልተቻለም ከምድር ቤቱ ክፍሎች አንዱን ማቅረብ ይቻላል፡፡

ሰዓትና ወረፋ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የነበረውን ረጅም ሰልፍ የማያስታውስ የእኔ ዘመን ሰው የለም፡፡ በ2013ም ሰልፉ ባለማለቁ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሟል፡፡ ወረፋውን ማስተናገድ የቦርዱ ሥራ ነው፡፡ ቆሞ መጠበቅን ማቅለል ግን የሁላችንም ነው፡፡ በየሰፈሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ያለው ዕድር አለ፡፡ አስተዳደሩ ከዕድሮች ጋር ተነጋግሮ ጥላና መቀመጫ፣ የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ ቤት ማዘጋጀት አያቅተውም፡፡ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የፈረቃው ቀንና የምርጫው ቀን እንዳይገጥም ማድረግም ትልቅ ነገር ነው፡፡ ጄሪካን ደርድራ የምትጠብቅ እናት ለሰልፍ ጊዜ የላትም፡፡

ድንበሩ

የዕድር ጡሩምባ ነፊም ሆነ በመኪና የሚዞር ሞንታርቦ ጣቢያው የት እንደሆነ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚያበቃ በነዋሪው ቋንቋ ሊናገር ይችላል፡፡ ማስታወቅ ይህ ነው፡፡ ቤት ለቤት እየዞሩ ካርድ ወስደሃል ወይ፣ አሳየኝ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ነዋሪው መታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ሌላም ጉዳይ በእጁ ያለበት ሹም በሩን ሲያንኳኳ ጥያቄውን እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል፡፡ መምረጥ መብት እንደሆነ ሁሉ አለመምረጥም የዜጋው ፈንታ ነው፡፡ መዝገቡን፣ ሳጥኑንና ቆጠራውንማ ቀበሌው በሩቁ ሊያያቸው ይገባል፡፡

በመጨረሻ አንድ ነገር ላንሳ፡፡ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተካሂዶ፣ በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዝሟል፡፡ ደረጃውን የሚያስጠግነው፣ መታወቂያውን የሚሰጠው ሹም በሠፈሩ ሰው ድምፅ የሚሾምና የሚሻር ቢሆን ኖሮ፣ እኒያ እናት ደረጃው ሥር ባልተቀመጡ ነበር ብዬ አምናለሁ፡፡ የሚመርጡትን ሰው የማይፈራ ሹም የሚመረጥበትን መንገድ ለማቅናት አይቸኩልም፡፡