ጉማሬዋን ማን አተረፋት?

ዛሬ ወደ ሌኒንግራድ እንሂድ። አሁን ከተማዋ ሴንት ፒተርስበርግ ትባላለች። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እዚያ የሄደ እንግዳ ሁለት ቦታ ይጎበኛል። አንዱ በ1714 በታላቁ ጴጥሮስ ትእዛዝ የተቋቋመው የዕፅዋት ቦታ ነው። መጀመሪያ የመድኃኒት ተክል ይበቅልበት ነበር። ሁለተኛው በ1865 የተከፈተው የአራዊት ግቢ ነው።

በ1941 የጀርመን ጦር ከተማዋን ከበበ። ከበባው 872 ቀን ቆየ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብና በብርድ አለቀ።

በአራዊቱ ግቢ አንዲት ጉማሬ ነበረች። ስሟ ክራሳቪጻ ነው፤ ቆንጆ ማለት ነው። የጉማሬ ቆዳ ውሃ ካላገኘ ይሰነጠቃል። ቧንቧው ደግሞ ደርቋል። ታዲያ ጠባቂዋ የቭዶኪያ ዳሺና ምን አደረጉ? በየቀኑ ከኔቫ ወንዝ 40 ባልዲ ያህል ውሃ እየጎተቱ አመጡ። አሙቀው አጠቧት። ምግቧ ከጥቂት አትክልት ጋር የተቀቀለ ሰጋቱራ ነበር።

የዕፅዋቱ ቦታ ሠራተኞችም የመስተዋቱ ቤት ሲሰባበር ቁልቋሎቹን በየቤታቸው ወስደው አተረፉ።

የአራዊቱ ግቢ ከበባው ሳያበቃ፣ በሐምሌ 1942 እንደገና ተከፈተ። ጉማሬዋ እስከ 1951 ኖረች። የተራበ ሕዝብ አርዶ ሊበላት ይችል ነበር። አልበላትም፤ አበላት እንጂ።