ከተቆረጠ አክስል ወደ ብራቾ፤ የሎተስ ቀላል መኪኖች የፊት ሰስፔንሽን ታሪክ



ከዚህ ቀደም ስለ ብሪታንያ የመኪና ኢንዱስትሪ ባቀረብኩት ንግግር የመጀመሪያዎቹን የሎተስ መኪኖች የፊት ሰስፔንሽን «የድህነት ምሕንድስና» ብዬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፌው ነበር። ዛሬ ያን ፍርድ ላነሣው እወዳለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኮሊን ቻፕማን ኩባንያውን በ1952 ሲመሠርት ለሽያጭ ያቀረበው ማርክ 6 የፊት አክስሉን ያገኘው ከፎርድ ነው። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ የነበረው ብረት መካከሉ ላይ ይቆረጥና ሁለቱ ግማሾች ከሻንሲው ጋር በማጠፊያ ይያያዛሉ፤ በባሌስትራው ፋንታ ጥቅል ሞላና አሞርዛተር ይገባል። (ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ብራቾ፦ ስለ እንግሊዝ መኪና የማወራው ጋራዦቻችን ከጣሊያን በወረሱት ቃል መሆኑ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው።) በዚህ አሠራር አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውን እምብዛም አይረብሽም። ነገር ግን ጎማው ወደ ላይ በተነሣ ቁጥር ግማሹ አክስል በማጠፊያው ስለሚዞር ጎማው ያዘነብላል። በፍጥነት የሚሽከረከርን ጎማ ሲያዘነብሉት ደግሞ ወደ ጎን ለመዞር ይታገላል፤ ግፊቱም በመሪው በኩል ለሾፌሩ እጅ ይደርሳል።

ታዲያ ስለምን ተመረጠ? በዘመኑ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አዲስ መኪና የግዢ ታክስ ይጣልበት ነበር፤ ባለቤቱ ዕቃውን ገዝቶ ራሱ የገጣጠመው ግን ከታክሱ ያመልጥ ነበር። ገዢው ሻንሲውን ከሎተስ፣ ብዙውን ዕቃ ከአሮጌ ፎርድ ያገኝ ነበር። እኔ ድህነት ያልኩት የገዢውን ኪስና የግብር ሕጉን አስቀድሞ ያሰላ ንድፍ ነበር።

በ1956 ሎተስ 12 የተባለው ባለ አንድ መቀመጫ የውድድር መኪና በአዲስ አሠራር ቀረበ፤ በ1957 የወጡት ሰቨንና ሁለተኛው የኢሌቨን ሞዴልም ይህንኑ ተከተሉ። ጎማው አሁን ከላይና ከታች በብራቾ ተያዘ። የላይኛው ከታችኛው ስለሚያጥር፣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ሲያጋድል የውጪው ጎማ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሆኖም የላይኛው ብራቾ ሙሉ አልነበረም። አንደኛው እግሩ ተራ ክንድ ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪናው እንዳያጋድል የሚከላከለው የብረት ዘንግ የታጠፈ ጫፍ ነው። ያ ዘንግ ማጋደልን ይቋቋማል፤ ፍሬን ሲያዝም ጎማው ከቦታው እንዳይሸሽ ይይዛል። አንድ ዕቃ ተቀነሰ፤ ክብደቱም አብሮ።

ችግሩ ዘንጉ የሚሠራው በመጠምዘዝ መሆኑ ነው፤ ጎማን በቦታው የሚይዝ ዕቃ ግን ባይላላ ይመረጣል። ማጋደሉን ለማስተካከል ዘንጉን የቀየረ ሰው ሳይፈልግ የጎማውን መያዣም ይነካል።

በ1973 የግዢ ታክስ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ በዚያው ዓመት ሰቨንን የመሥራት መብት ወደ ኬተርሃም ተላለፈ። ኬተርሃም በኋላ ባወጣቸው ሞዴሎች ሁለቱን ሥራዎች ለያያቸው፤ የላይኛው ብራቾ ሙሉ ሆነ፣ ዘንጉም ለብቻው ቆመ። ቻፕማን የቀነሰው ዕቃ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የቻፕማን ስሌት ስሕተት ነበር ብዬ ግን አልጽፍም። በ1957 ዕቃውን ጓሮው ውስጥ ለሚገጣጥም ሰው አንድ ዕቃ መቀነስ ትልቅ ነገር ነበር፤ ለውድድር ዘንጉን በየጊዜው ለሚያስተካክል ሾፌር ግን መለየቱ ይበልጣል።

የድሮ ሰቨን ያላቸው ሰዎች አዲሱን አሠራር ቢያስገቡ ታሪክ ያጠፋሉ ወይ? የሚነዱት ከሆነ ያስገቡ። የወጣውን ዘንግ ግን ከነቦኮላው፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ጽፈው ያስቀምጡልን።