የዘበኞቹ አለቃ የት ይደር?

ግቢ ያለው አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ነው፤ ዘበኛው የት ይደር? በሩ ጥግ ቆርቆሮ ቤት ይሠራለት ወይስ ከዋናው ቤት አንድ ክፍል ይሰጠው? እኛም በቀደም ፋየርዎሎችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ቨርቹዋል ማሽን ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስንጭን ይኸው ጥያቄ ገጠመን። ጭነቱስ ቀላል ነው፤ ፋይሉን ማውረድ፣ ሜሞሪና ዲስክ መመደብ፣ ኔትወርኩን ማገናኘት፣ ከዚያ ቡና እያፈሉ መጠበቅ። እኛን የያዘን እዚህ ያደረሰን መንገድ ነው።

እስከ 1988 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢንተርኔት የዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት መንደር ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያምናል። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 2 ቀን ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ተማሪ ከኤምአይቲ ኮምፒውተር ላይ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ አንድ ማሽን ጋ ሲደርስ «ቀድሜ ገብቻለሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሞሪስ ግን ማሽኖቹ እየዋሹ እንዳያመልጡት ሰግቶ፣ ከሰባት አንዴ መልሱ ምንም ይሁን ምን እንዲባዛ አደረገው። ጉዱን ያመጣችው ያቺ አንድ ሰባተኛ ናት። ማሽኖች በቅጂ ብዛት ታንቀው ቆሙ፤ የተያዙት ወደ 6,000 እንደሚደርሱ ተገመተ። ልጁ በ1990 ጥፋተኛ ተባለ፤ የሦስት ዓመት የፈተና ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ቅጣት። አባቱ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ! (ኋላ ልጁም ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ሆነ።)

ከዚያ ወዲያ አጥር የማይፈልግ ጠፋ። በ1993 እስራኤል ውስጥ የተመሠረተው ቼክ ፖይንት በ1994 ፋየርዎል ዋንን ለገበያ አቀረበ። ይኼ ዘበኛ ገቢውን ብቻ አይፈትሽም፤ ማን እንደወጣ አስታውሶ ለእሱ የመጣውን መልስ ያስገባል። ደንቡን የሚጽፈው ማሽንም በር ላይ ከሚቆመው ተለየ። ዘበኞቹ አለቃ አገኙ ማለት ነው።

በአንድ ማሽን ሆድ ብዙ ማሽን ማኖር ግን ከፋየርዎል ይቀድማል፤ አይቢኤም በ1960ዎቹ ጀምሮታል። ወደ ሊኑክስ ልብ የገባው በ2007 ነው። ኩምራኔት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሚሠራው አቪ ኪቪቲ የጻፈው ኬቪኤም በፌብሩዋሪ ከወጣው የሊኑክስ 2.6.20 ጋር ተቀላቀለ፤ በቀጣዩ ዓመት ሬድ ሃት ኩባንያውን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አለቃው እንግዲህ ተከራይ ሆነ። ዲስኩ አከራዩ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው፤ የሰርቨሩን ቁልፍ የያዘ ሰው አለቃውን እንዳለ ገልብጦ በኪሱ ይዞት ይሄዳል። ከመካከላችን ግማሾቹ «ለብቻው ሰርቨር ይሰጠው» ሲሉ፣ ግማሾቹ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ይላሉ።

እኛ ደግሞ ከሁሉ የባሰውን አደረግን። አለቃውን ራሱ ከሚያዛቸው ፋየርዎሎች ከአንዱ ኋላ አስቀመጥነው። አንድ የተሳሳተ ደንብ ላክን፤ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ሰው ሰርቨሩ ወዳለበት ክፍል ሮጥን።

ክርክሩ ግን አላለቀም፤ «ለብቻው» የሚሉት ወገኖች 2015ን ያነሣሉ። ኬቪኤም የአስመሳይ ዕቃዎቹን ሥራ ኬሙ ለሚባል ፕሮግራም ይተዋል። በዚያ ዓመት ሜይ ላይ፣ ኬሙ ፍሎፒ ዲስክ በሚያስመስልበት ኮድ ውስጥ ተከራይን ከክፍሉ አውጥቶ አከራዩ ላይ ሊያሰለጥን የሚችል ቀዳዳ ተገኘ፤ ቬነም አሉት። ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነበር። ፍሎፒውን ማን ይጠቀምበታል? ማንም። በሌላ ስሕተት ምክንያት ደግሞ ፍሎፒውን ላጠፉትም ሰዎች ኮዱ መሥራቱን አላቆመም ነበር።