ማውዘር 98 ጠመንጃ፦ የአሠራር ጥራቱ በየአገሩ

ማውዘር 98 በጀርመናዊው ጠመንጃ ሠሪ በፓውል ማውዘር ተነድፎ በ1898 የጀርመን ጦር የታጠቀው፣ በእጅ የሚቀባበልና አምስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከጀርመን ሌላ በቤልጅግ፣ በቼኮስሎቫኪያ፣ በዩጎስላቪያ፣ በስፔን፣ በቱርክና በቻይናም ተሠርቷል። ከየጦር ግምጃ ቤቱ ወጥቶ ለአዳኞችና ለሰብሳቢዎች የተሸጠውም ብዙ ነው። አንድ ንድፍ በብዙ አገር እጅ በማለፉ የፋብሪካዎችን ሙያ ጎን ለጎን ለማስተያየት ያመቻል። ይሁን እንጂ ገበያው «የጀርመን ነው»፣ «የቼክ ነው» እያለ የሚሰጠው ፍርድ ለአገር ስም ከሚገባው በላይ ያደላ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ከአገሩ ይልቅ የተሠራበት ዓመት ይበልጥ ይናገራል።

የሚታይና የማይታይ ጥራት

ገዢ በመጀመሪያ የሚያየው የብረቱን ልስላሴና ጥቁረት፣ የእንጨቱንና የብረቱን ግጥምጥም፣ በየክፍሉ ላይ የተመታው ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑን ነው። ጥንካሬውን የሚወስነው ግን ከዓይን የተሰወረው የብረቱ ዓይነትና በእሳት የተጠናከረበት መንገድ ነው። የ98ቱ ዋና አካል፣ ማለትም መቀርቀሪያው የሚገባበትና አፈሙዙ የሚታሰርበት ክፍል፣ በተለምዶ ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ ብረት ተሠርቶ ላዩ ብቻ እንዲጠነክር ይደረጋል። ውስጡ ለስላሳ ስለሚሆን ከመጠን ያለፈ ግፊት ቢመጣበት ከመሰባበር ይልቅ ይለጠጣል። በተጨማሪም መቀርቀሪያውን ከፊት የሚቆልፉት ሁለት ጉጦች ቢከዱ የሚይዝ ሦስተኛ ጉጥ ከኋላ አለው። ቀለሃ ቢቀደድም ጋዙ በመቀርቀሪያው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል።

ብረትን በእሳት በማጠናከር ረገድ ብዙ የተጻፈው ስለ ማውዘር ሳይሆን ስለ ቅርብ ዘመዱ ስለ አሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለወሰደው ንድፍ ለማውዘር ኩባንያ 200,000 ዶላር ከፍሏል። በ1917 አንዳንዶቹ ጠመንጃዎች ሲተኮሱ አካላቸው ፈነዳ። ምርመራው የደረሰበት ምክንያት የሚያስደንቅ ነው፦ ሠራተኞቹ ብረቱ በቂ ሙቀት ማግኘቱን የሚለዩት በቴርሞሜትር ሳይሆን የፍሙን ቀለም በዓይናቸው እያዩ ነበር። ፀሐይ በደመቀበት ቀን የጋለ ብረት ፈዘዝ ብሎ ስለሚታይ «ገና ነው» እያሉ ያቆዩታል። ደመናማ ከሆነው ቀን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ እስከ 165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርስ እንደነበረ በመሣሪያ ተለክቶ ተረጋግጧል። እንዲህ የተቃጠለ ብረት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ከ1918 ጀምሮ አሠራሩ ተለወጠ፤ በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከ800,000፣ በሮክ አይላንድ ፋብሪካ ከ285,507 በታች ቁጥር ያላቸው ጠመንጃዎች ዛሬም በጥርጣሬ ይታያሉ። የሚገርመው እነዚህ የቀድሞዎቹ ጠመንጃዎች በላያቸው አጨራረስ ከሁሉም የሚያምሩ መሆናቸው ነው።

ጀርመን

በ1935 ሥራ ላይ የዋለው ካር98ኬ፣ 60 ሴንቲሜትር አፈሙዝ ያለው አጭሩ ዓይነት፣ ከ14 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት በአጨራረሳቸው መለኪያ ተደርገው ይወሰዳሉ። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ በማሽን ተፍቀው ይወጡ የነበሩ ክፍሎች ከላሜራ በፕሬስ መሠራት ጀመሩ፤ ከ1944 ወዲህ በወጡት ብዙዎች ላይ የሳንጃ ማሰሪያውና የመወልወያው ዘንግ ቀርተዋል፣ የቶርኖው ጭረትም ሳይለሰልስ ይታያል። የመጨረሻዎቹ በጥንካሬ ያንሳሉ ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ቁጠባው በአብዛኛው ግፊት በማይሸከሙ ክፍሎች ላይ ያተኮረ ስለሆነ ሸካራነት ብቻውን የድክመት ማስረጃ አይሆንም። በዋልነት እንጨት ፈንታ የመጣው፣ እንደ ኮምፔርሳቶ በሙጫ የተደራረበው ሰደፍ ከባድና መልከ ጥፉ ቢሆንም በእርጥበት የመጣመሙ ነገር አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ይህኛው ለውጥ መሻሻል ሊባል ይችላል።

ቤልጅግና ቼኮስሎቫኪያ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን የጦር መሣሪያ ንግድ ሲያግድ ገበያውን የተረከቡት በቤልጅግ ኤርስታል የሚገኘው የኤፍ ኤን ፋብሪካ እና በቼኮስሎቫኪያ የብርኖው ዝብሮዮቭካ ፋብሪካ ናቸው። የኤፍ ኤን ሞዴል 1924 እና የብርኖው ቬዜ 24 (59 ሴንቲሜትር አፈሙዝ) በሰላም ጊዜ፣ ሳይጣደፉ፣ የውጭ ደንበኛን ለመሳብ የተሠሩ ናቸው። ብዙ አዋቂዎች በአማካይ ከጦርነት ዘመን የጀርመን ሥራ ያስበልጧቸዋል። ብርኖ ከ1939 በኋላ በጀርመን እጅ ሆኖ ለወራሪው ሠርቷል።

ዩጎስላቪያ

የክራጉየቫትስ ፋብሪካ ከኤፍ ኤን ባገኘው ፈቃድና ማሽን ጀምሮ ከ1950 ወዲህ ኤም 48ን አወጣ። አካሉ ከመደበኛው 98 በትንሹ ስለሚያጥር መቀርቀሪያው ከሌሎቹ ጋር አይለዋወጥም። ብዙዎቹ ወደ ገበያ የወጡት በቅባት ተነክረው ሳይተኮስባቸው ነው።

ቱርክ፣ ስፔንና ቻይና

አንካራ ላይ ከተዘጋጁት መካከል ከአሮጌ ጠመንጃ ክፍሎች የተገጣጠሙ አሉ፤ ጥራታቸውም ይለያያል። ስፔን በላ ኮሩኛ ኤም 43ን ሠርታለች። ቻይና «የቺያንግ ካይሼክ ጠመንጃ» የሚባለውን ሠርታለች።

ኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ማውዘር 98ን ገዝታ ታጥቃለች እንጂ አልሠራችም። ከ1930 ጀምሮ የቤልጅግ ወታደራዊ ልዑክ የክብር ዘበኛን ያሠለጥን ነበር፤ በልጅግ እየተባለ የሚጠራው የኤፍ ኤን ጠመንጃም በዚያው ዘመን ገብቷል፤ የይሁዳ አንበሳ የተመታባቸው ይገኛሉ። በ1935 ደግሞ ሂትለር በድብቅ 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት እንደ ሰጠ በታሪክ ጽሑፎች ይጠቀሳል። እንደ ብዙዎቹ አስተያየት ዓላማው ለኢትዮጵያ ማዘን ሳይሆን ሙሶሊኒ በአፍሪካ ተጠምዶ ከኦስትሪያ ጉዳይ እንዲርቅ ማድረግ ነበር።

በ2010ዎቹ ማብቂያ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ሰብሳቢዎች ገበያ ገብተዋል። ሰደፋቸው የተሰነጠቀ፣ የአፈሙዛቸው ውስጥ የተበላ ብዙ ነው። ይህ ግን በኤፍ ኤን ሙያ ላይ የሚቆጠር ጉድለት አይደለም። የዚያ ዘመን ጥይት መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት ስለነበረበት ከተኩስ በኋላ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም። የሚያጥበው ውሃ ነው፤ ወታደሩ በውሃ ካጠበ በኋላ አድርቆ ዘይት መቀባት ነበረበት። ያለ ውሃ በዘይት ብቻ የተወለወለ አፈሙዝ ከየትኛውም ፋብሪካ ቢወጣ ውስጡ ይቦረቦራል።