ብሎክቼይንና የቬንቸር ካፒታል ገንዘብ

ብሎክቼይን ማለት አንድ የሂሳብ መዝገብ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተገልብጦ የሚያዝበት አሠራር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሊሰርዘው አይችልም። ቢትኮይንም የሚሠራው በዚህ ነው።

ቬንቸር ካፒታል ደግሞ ገና ለጀመሩ ኩባንያዎች ድርሻ ወስዶ ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ብዙዎቹ እንደሚከስሩ ያውቃል፤ የተሳካለት አንዱ የሌሎቹን ኪሳራ እንዲሸፍንለት ገንዘቡን በብዙ ቦታ ይበትናል።

ናታንያ የሚገኘው ስታርክዌር ብዙ ክፍያዎችን በአንድነት አጣርቶ ወጪ የሚቀንስ ዘዴ ይሠራል። በ2022 መጀመሪያ አጋማሽ 100 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ ዋጋው 8 ቢሊዮን ተገምቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኤፍቲኤክስ የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ ሲከስር ባለሀብቶች ሸሹ።

በ2024 ገንዘቡ መመለስ ጀመረ፤ በይበልጥም እንደ መንገድና እንደ ውኃ ቧንቧ መሠረት ወደሆነው ሥራ። ክፍያ በፍጥነት የሚያልፍበትን መረብ የሚሠራው ሞናድ ላብስ 225 ሚሊዮን ዶላር አገኘ።

«ትልልቆቹ ገብተውበታል» ብሎ ሳንቲም ሊሸጥልዎ የሚደውል ቢኖር ይህን ያስቡ፦ እነሱ ቀድመው፣ በርካሽ ይገባሉ፤ አንዱ ቢከስርባቸው ሌላ አላቸው። የእርስዎ የጡረታ ገንዘብ ግን አንድ ነው።