በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ ሮኪ ፍላትስ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በአርቫዳ ከተማ ዳርቻ ቤት ሊገዛ አስቦ፣ «አንተ ሌክውድ ብዙ ዓመት ኖረሃል፤ ስለዚያ ስለ ኑክሌር ፋብሪካው የሚወራው እውነት ነው ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ ለማስረዳት ወደ ታሪኩ መመለስ ግድ ይላል። ታሪኩ ደግሞ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም፤ እኛንም ይመለከታል።

ሮኪ ፍላትስ የሚባለው ሥፍራ ከሌክውድ በስተሰሜን፣ በዚያው በጄፈርሰን ካውንቲ፣ ከዴንቨር መሐል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ መንግሥት በ45 ሚሊዮን ዶላር እዚያ ፋብሪካ እንደሚያቋቁም ሲያስታውቅ ወሬው እንደ ምሥራች ነበር የተሰማው፤ ሥራ ይገኛልና። የሚመረተው ነገር ከፕሉቶኒየም የሚሠራ የኑክሌር ቦምብ መለኮሻ መሆኑ ግን በምስጢር ተያዘ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1957 ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1950 ዓ.ም እንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው፣ ፕሉቶኒየም ከሚሠራባቸው ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ እሳት ተነሣ። እሳቱ አየሩን ያጣራሉ የተባሉትን ማጣሪያዎች በላቸው፤ ጭሱም በጭስ ማውጫው ወጣ። በነፋስ አቅጣጫ ለሚኖረው ሕዝብ «ተጠንቀቁ» ያለው አልነበረም።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1969፣ የእናቶች ቀን በሚከበርበት እሁድ፣ ከመጀመሪያው የባሰ ቃጠሎ ደረሰ። ባለሥልጣናቱ ለአካባቢው ሕዝብ የሚያሰጋ ነገር የለም አሉ። በቦልደር ከተማ የብሔራዊው የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ኤድዋርድ ማርቴል ግን ቃሉን ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። ከፋብሪካው ውጭ ያለውን አፈር ሰብስበው መረመሩ፤ ፕሉቶኒየምም አገኙ።

እዚህ ላይ የባለሥልጣናቱን መልስ ልብ በሉልኝ። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ግኝቱን አልካደም። ፕሉቶኒየሙ ግን ከ1969ኙ ቃጠሎ ሳይሆን ከ1957ቱ እሳትና ሜዳ ላይ ተከማችተው ካፈሰሱት የተበከለ ዘይት በርሜሎች የመጣ ነው አለ። በርሜሎቹ ከ5,000 በላይ ነበሩ፤ ያፈሰሱበትን አፈር ነፋሱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሕዝቡ ጠርጎታል። አንዱን ጥርጣሬ ለማስተባበል የተሰጠው መልስ ለዓመታት ያልተነገረ ሌላ ጉድ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ማን ይመናቸው?

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1989 የኤፍ ቢ አይና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች ግቢውን ከበው ፈተሹ። የአንድ መንግሥት ክንድ ሌላውን ክንድ ፈተሸ ማለት ነው። ፋብሪካውን ያስተዳድር የነበረው ሮክዌል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ጥፋቱን አምኖ 18.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ጽዳቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አለቀ፤ ከሥፍራው አብዛኛው የዱር እንስሳት መጠለያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጎብኚዎች ተከፈተ።

በ1990ዎቹ በኮሎራዶ ጤና መምሪያ መሪነት የተካሄደው ጥናት በነዋሪው ጤና ላይ የደረሰው ሥጋት አነስተኛ መሆኑን ደምድሟል። ጥናቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው አላመነውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለመንገድ ሥራ ከተወሰዱት የአፈር ናሙናዎች በአንዱ፣ ለጽዳቱ ከተወሰነው ከ50 ፒኮኩሪ በግራም ልክ አልፎ 264 ሲገኝ የድሮው ጥርጣሬ እንደገና ነደደ። ሕዝቡ ሳይንስ ስላልገባው አይደለም። «ሥጋት የለም» የሚለውን ቃል ሥጋት በነበረ ጊዜም ሰምቶት ስለነበረ ነው። አደጋን የሚደብቅ መንግሥት ነገ እውነት ሲናገር የሚሰማው ያጣል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የወሎ ረሃብ ሕዝቡን ሲፈጅ ባለሥልጣናት ገመናው እንዳይወጣ ሸሸጉት። በ1966 ዓ.ም መጀመሪያ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አጋለጠው። ያው ፊልም በ1967 ዓ.ም እንቁጣጣሽ ማታ በአዲስ አበባ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ሥርዓቱ ቢለወጥም ልማዱ አልተለወጠም። ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ለዓመታት ወረርሽኝ ሲነሣ ኮሌራ በስሙ መጠራት ቀርቶ «አተት» ሲባል ሰማን። እናት ለልጇ ውኃ አፍልታ እንድታጠጣ ከተፈለገ የበሽታውን ስም መስማት አይገባትም ነበርን?

«ሕዝቡ ይሸበራል» የሚለው ምክንያት በዴንቨርም በአዲስ አበባም ተነግሯል። ሕዝብን የሚያሸብረው ግን እውነቱ ዘግይቶ፣ በሌላ ሰው አፍ ሲደርሰው ነው። ልዩነቱ እዚህ አገር አፈሩን መርምሮ ውጤቱን የሚያሳትም ምሁር፣ በኩባንያ ላይ የሚፈርድ ዳኛ መኖሩ ነው። እሱም ቢሆን ዘግይቶ ደረሰ። እኛ ምሁራን ነን የምንል ሥርዓት ከመለወጥ ባሻገር እንዲህ ያሉ ተቋማትን ስለመትከል ስንት ጊዜ ተወያይተናል?

ለወዳጄም ይህንኑ ነገርኩት። ግዛ ወይም አትግዛ አላልኩትም። የጥናቱንም የ2019ኙንም ውጤት አንብብ፣ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቅ፣ ከባለቤትህ ጋር ተማክረህ ወስን አልኩት። ያን ጊዜ ለአካባቢው ሰው ያልተሰጠው ዕድል ይኸው ነበር፦ አውቆ መወሰን።

ቸር ይግጠመን።